ሁለት ቃል የሰጡት የስካውት መሪ

የነሐሴ ዝናብ ሸዋ ሮቢት ላይ ሲመጣ ደጅ አይጠናም። ፀሐዩ ሲፋጅ ይውልና በደብረ ሲና ተራሮች በኩል ያለው ሰማይ ድንገት ይጠቁራል፤ ሰው «ሊዘንብ ነው መሰለኝ» ብሎ ሳይጨርስ ቆርቆሮው ይንጫጫል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሽፈራው ከገበያ ሲመለሱ እንዲህ ያለው ዝናብ መንገድ ላይ አገኛቸው። ለመሮጥ ጉልበታቸው አልፈቀደምና ቀስ ብለው እየተራመዱ፣ ትከሻቸው ርሶ፣ ከአንድ የተዘጋ የእህል መጋዘን በረንዳ ሥር ገቡ።

«ጋሼ! ወደዚህ ይጠጉ፣ እዚያ ጋ ያፈሳል» አለቻቸው ቀድማ የተጠለለች ወጣት።

ኑርሃን ነበረች። ኑርሃን የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ካራቆሬ አክስቷን ጠይቃ ከሚኒባስ መውረዷ ነበር። ከጋሼ ሽፈራው ጋር የሚያገናኛቸው የከተማው የስካውት ቡድን ነው፤ ሁለቱም ያለ ደመወዝ፣ በፈቃዳቸው ልጆቹን ይመራሉ። ጋሼ ሽፈራው ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ ቀያሽነት የጨረሱ ጡረተኛ ሲሆኑ፣ በልጅነታቸው ደብረ ብርሃን ላይ ስካውት ነበሩ። ቡድኑ ሲቋቋም ሳይጠሩ የመጡትም ያ ፍቅር አልወጣላቸው ብሎ ነው። ቋጠሮ ያስተምራሉ፣ ካርታ ያስነብባሉ። ልጆቹ የሚወዷቸው ግን ለቋጠሮው አይደለም፤ ጋሼ አንድ ነገር ካሉ፣ አሉ ነው።

ያን ቀን ይኸው ጠባያቸው እንቅልፍ ነስቷቸው ነበር። በዋዜማው ዓርብ፣ ልምምዱ አልቆ ልጆቹ ሲበተኑ፣ ሩቂያ የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ወደ ኋላ ቀርታ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር፤ ለማንም አልናገርም ብለው ይማሉልኝ» አለቻቸው። እሳቸውም የልጅ ነገር መስሏቸው እንደ ስካውት ደንብ ሦስት ጣታቸውን አንሥተው ማሉ። ልጅቱ ከዚያ ነገረቻቸው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወድቃለች፤ ለእናቷ ለመንገር አፍራለች። አንድ ደላላ ዐረብ አገር ሥራ አገኝልሻለሁ ብሏታል። መኪናው እሑድ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ ይወስዳታል፤ ከዚያ ባሕሩ በጀልባ ነው። ጋሼ ለመኗት፣ መከሯት፤ «እሺ» እንደማለት አንገቷን ደፍታ፣ «ምለውልኛል ግን» ብላ ሄደች።

እሑድ ማለት እንግዲህ ነገ ነው።

«ምነው ዝም አሉ? አሞዎታል እንዴ?» አለች ኑርሃን።

«አላመመኝም። እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለማወቅ ያህል ነው» አሉ፤ ዓይናቸው ከጎርፉ ላይ ሳይነሣ። «አንድ መሪ ለአንድ ልጅ ምሥጢር ሊጠብቅ ማለ እንበል። ኋላ ሲሰማው ነገሩ ከባድ ሆነ። ምን ያድርግ ትያለሽ?»

ኑርሃን እንዲህ ያለ ጥያቄ ትወዳለች፤ ፊቷ ላይ የሚነበበው ለማወቅ መጓጓት እንጂ ጥርጣሬ አልነበረም።

«ከባድ ሲሉ እንዴት ያለ ከባድ ነው? ልጁን የሚያሳፍረው ነው ወይስ የሚጎዳው?»

«ምን ለየው?»

«ይለያል እንጂ ጋሼ! የሚያሳፍረውን ምሥጢር እስከ መቃብር ይዘን ብንሄድ ደግ አደረግን። የሚጎዳውን ከያዝን ግን የጎዳነው እኛ ነን።»

«ተይ እንጂ ልጄ፣ ቃል እንዲህ በወንፊት አይነፋም። ስካውት ቃሉ የታመነ ነው ብለን የምናስተምር እኛ አይደለንም? አባቶቻችንስ ምን አሉ? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።»

ኑርሃን ፈገግ አለች፤ ንቀት ግን አልነበረበትም። «ተረቱን አውቀዋለሁ፤ አያቴም ይሉታል። እስቲ እኔም ልጠይቅ። ያ መሪ ሲምል፣ የሚምልበትን ነገር ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም። ልጁ ከመናገሩ በፊት ነው የማለው።»

«ታዲያ ይህ በሬ በጨለማ መግዛት አይሆንም? ሲነጋ እግሩ ሰባራ ሆኖ ቢገኝ፣ ጥፋቱ የማነው?»

ጋሼ ሽፈራው ነገሩ ቢያማቸውም በሬው አሳቃቸው። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «ጥፋቱስ የመሪው ነው። ነገር ግን ሌላውን ገጽ እይው። መሪው 'ቆይ፣ ሁሉንም አልደብቅልህም' ቢል፣ ልጁ አፉን ይዘጋል። ከዚያ ጭራሽ የሚያውቅለት ሰው አይኖርም። አንድ ትልቅ ሰው እንኳ ማወቁ አይሻልም?»

ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ ከልጆች ጋር የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ኑርሃንም ሳትቸኩል መለሰች።

«እውነትዎን ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ግን ያ ትልቅ ሰው አውቆ ምን አደረገ? ሮቢ ወንዝ በደጋ ዝናብ ሲሞላ ያውቁታል፤ እዚህ ፀሐይ እያለ ጎርፉ ከላይ ይመጣል። አንድ ልጅ አሸዋው ላይ ቆሞ 'ጋሼ፣ እዚህ መሆኔን ለማንም አይንገሩብኝ' ቢልዎ፣ ዳር ቆመው ያዩታል?»

«ምን ማለትሽ ነው! ዘልዬ ነው የማወጣው።»

«ብቻዎን ካልቻሉስ?»

ጋሼ ሽፈራው ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጡት ያደሩት ይኼንኑ ነበር፤ ብቻቸውን አልቻሉም። መክረው አልሰማቻቸውም።

«መጮህ ነዋ» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ኑርሃን፣ እኔ ለእናቷ ሄጄ ብናገር፣ ነገ ሁሉም ልጅ ይሰማል። ጋሼ ምሥጢር አወጡ ይባላል። ቡድኑ ያኔ አበቃለት።»

ኑርሃን «እናቷ» ያሉትን ሰምታለች፤ ጋሼም ቃሉ ካፋቸው ካመለጠ በኋላ ነው የታወቃቸው። የማን እናት ብላ ግን አልጠየቀችም። ይህ ጨዋነቷ ኋላ ጋሼን ከክርክሩ ሁሉ በላይ ትዝ ይላቸው ነበር።

«ከጀርባዋ ከሆነ አዎ፣ ክህደት ነው» አለች። «እኔ ግን ከጀርባ አላልኩም። መጀመሪያ እሷው ዘንድ ሄዶ፣ ፊት ለፊት፣ 'ልጄ፣ ልጠብቀው የማልችለውን ቃል ሰጥቼሻለሁ፤ ተሳስቻለሁ፤ ለማን እንደምናገርና ለምን እንደምናገር ስሚኝ' ማለት አለ። ከፈለገች ራሷ ትናገር። እሱ ጎኗ ይቁም።»

«ቃል ዕቃ ነው እንዴ የሚመለሰው?»

«ጋሼ ሽፈራው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልጆቹን የተቀበልን ዕለት ለወላጆቻቸው ምን አልናቸው? እኛ ዘንድ አማና ይባላል፤ እናንተም አደራ ትሉታላችሁ። መሪው ለልጅቱ ከመማሉ በፊት ለእናቷ ቃል ገብቷል። የሁለት ቃል ባለዕዳ ነው። የትኛው ይቀድማል?»

ጋሼ ሽፈራው እትዬ ሙሀባ ፊታቸው ድቅን አለችባቸው። የሩቂያ እናት ናት፤ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ማንጎ ትሸጣለች። ልጇን ለቡድኑ ያመጣች ዕለት ሁለት እጃቸውን ይዛ፣ «አባት የላትም፤ ከአላህ በታች አደራዋ በእርስዎ ነው» ብላቸው ነበር። እሳቸውም «በአንገቴ» ብለው ተቀብለዋል። ያን ቀን ጣታቸውን አላነሡም፤ ስለዚህ ይሆናል መሐላ መሆኑ ያልታሰባቸው።

ኑርሃን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፤ «ተረቱንም ቢሆን ጋሼ፣ ልብ ብለን ብናየው 'የወለዱት ይጥፋ' ነው የሚለው። ያ ሰው ለቃሉ የሚሰጠው የራሱን ልጅ ነው። የሰው ልጅ ይጥፋ አላለም።»

ጋሼ ሽፈራው ባርኔጣቸውን አውልቀው የረጠበውን ጭንቅላታቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ ዓይናቸውንም አብረው ጠረጉ። ለሰባ ዓመት ትንሽ የቀራቸው ሰው ናቸው፤ ያን ተረት ስንቱን ሸንጎ ረትተውበታል። እንዲህ ተገልብጦ አይተውት አያውቁም።

«ሩቂያ ናት» አሉ። «ነገ ጎህ ሲቀድ በበረሃ ልትሄድ ነው።»

ዝናቡ ሳያባራ ተነሡ። በመንገድ ላይ ኑርሃን አንድ ነገር አሳሰበች፤ «እርስዎ ያነጋግሯት፤ ምሥጢሯን አምና የነገረችው ለእርስዎ ነው። ግን ደጅ ላይ፣ ሰው በሚያይበት ይሁን። እኔ ድምፅ የማይደርሰኝ ቦታ እቆማለሁ።»

«ትጠረጥሪኛለሽ?» አሉ ጋሼ ቆም ብለው፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«አላህ ያውቃል፣ እርስዎን አልጠረጥርም። ግን ነገ ሌላ መሪ ይመጣል፤ እሱን አናውቀውም። ደንብ ደጉንም ካላካተተ ክፉውን አይዝም። ደግሞ ለእርስዎም ጥላ ነው፤ አጉል ወሬ አይደርስብዎትም።»

ጋሼ ትንሽ አጉረመረሙ፤ ቢሆንም ሄዱ።

ሩቂያ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በሰፌድ ማሾ ትለቅም ነበር። ጋሼን ስታይ ለሰላምታ ተነሣች፤ ማዶ አጥሩ ሥር ኑርሃንን ስታይ ግን ገባትና ፊቷ ጠቆረ።

«ነገሯት?»

«ነግሬያታለሁ። ብትሰድቢኝ አልቀየምም» አሉ ጋሼ፣ ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብለው። «ሩቂያ፣ ሳላውቅ ማልኩልሽ፤ አጠፋሁ። ላንቺ ከመማሌ በፊት ለእናትሽ የገባሁት ቃል ነበር። አሁን ለእናትሽ መነገሩ አይቀርም። ግን አንቺው ንገሪያት። እኔ አጠገብሽ ልቁም፣ ወይም እዚህ ልጠብቅ፤ ምረጪ።»

«እርስዎም እንደ ሌላው ሰው ነዎት» አለች እያለቀሰች። ጋሼን ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቃል ወግቷቸው አያውቅም። ቁጢጥ እንዳሉ ቆዩ። ልጅቱ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ካለቀሰች በኋላ፣ «እዚህ ይጠብቁኝ» ብላ ገባች።

ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የእትዬ ሙሀባ ጩኸት ተሰማ፤ ጋሼ ደንግጠው ተነሡ። ጩኸቱ ግን ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ ከልቅሶውም መሐል «ፈተና ወደቅሽ ብዬ ነው የማባርርሽ? እኔ ፊደል ቆጥሬ ነው ያሳደግሁሽ?» የሚል ቃል ወጣ። እትዬ ሙሀባ ደጁ ላይ ብቅ ስትል፣ ደላላው እንዳይደውልላት የተቀበለቻት የልጇ ስልክ በእጇ ነበር። ጋሼን ስታይ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች እጃቸውን ያዘች።

መኪናው በማግሥቱ ያለ ሩቂያ ሄደ። አብረዋት ሊሄዱ ከነበሩት ልጆች መካከል ዛሬም ድረስ ድምፁ ያልተሰማ አለ።

ሩቂያ ጋሼ ሽፈራውን ወዲያው ይቅር አላለችም። ስምንተኛ ክፍልን ልትደግም ትምህርት ቤት ተመዘገበች፤ ወደ ስካውቱ ግን አልመጣችም፤ መንገድ ላይ ሲያገኟትም ሰላምታዋ ከከንፈር አያልፍም ነበር። ጋሼም አላባበሏትም፤ «ቁጣዋ መብቷ ነው» ይሉ ነበር። ጥቅምት አጋምሶ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ አንድ ቀን ልምምድ መሐል መጥታ ገመድ አነሣችና ከትናንሾቹ ልጆች አጠገብ ተቀምጣ ቋጠሮ ታሳይ ጀመር። ስለ ነገሩ ያነሣ የለም።

የቡድኑ መሪዎች በዚህ መካከል ተሰብስበው ብዙ ተከራከሩ። ደንብ እንዲወጣ አጥብቀው የተሟገቱት ጋሼ ሽፈራው መሆናቸው ያስገረመው ብዙ ነው። ከእንግዲህ መሪ ሳይሰማ አይምልም፤ ልጅ ከመናገሩ በፊት የትኛው ምሥጢር እንደሚጠበቅ፣ የትኛው እንደማይጠበቅ ይነገረዋል፤ ከልጅ ጋር የሚደረግ ጭውውት ሁሉ ሰው በሚያይበት ይሆናል ተባለ። ጥቅሙም ዋል አደር ብሎ ታየ። ወላጆች ልጆቻቸውን በተለይም ሴቶቹን ያለ ሥጋት መላክ ጀመሩ። መሪው የሰውን ልጅ ሸክም ብቻውን ተሸክሞ ከማደር ዳነ። ልጆቹም ከትልቅ ሰው ምን እንደሚጠብቁ አወቁ፤ አፋቸውን ይዘጋሉ የተባለው ግን እንዴት እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ነገር አለ።

ቡድኑ ወደ አሊዩ አምባ ለጉዞ ሊነሣ ሲሰናዳ፣ ሀይሉ የሚባል የአሥር ዓመት ልጅ ወደ ጋሼ ተጠግቶ፣ «ለማንም አይነግሩብኝም?» አላቸው።

ጋሼ ሽፈራው ጣታቸውን አላነሡም። «ስማኝ ሀይሉ፤ አንተን ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ነገር ከሆነ ብቻዬን አልይዘውም። ለማን እንደምናገር ግን መጀመሪያ ላንተ እነግርሃለሁ። ሌላ ከሆነ እኔው ዘንድ ይቀራል። አሁን ብትፈልግ ንገረኝ፣ ባትፈልግ ተወው።»

ልጁ መሬቱን በጫማው እየጫረ ጥቂት አሰበ።

«ጋሼ፣ እኔ ማታ ማታ ፍራሽ ላይ እሸናለሁ። ድንኳን ውስጥ ምን ይሻለኛል?»

ጋሼ ሽፈራው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ይኼማ ቀላል ነው፤ ና፣ እንመካከር» ብለው ከጎናቸው አስቀመጡት።