የታመመች ምራቴን አልመልስም ያልኩ ጊዜ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ያገባች ሴት ሳል ከጠናባት ወደ አባቷ ቤት ትሰደዳለች፣ ወግ ነው። «አስታሟት፣ ስትድን ትመለሳለች» ይባላል፤ ታዲያ ማን ተመለሰ? አክስቴ እንዲያ በበቅሎ እንደሄደች ቀረች፣ ባሏም ሳይቆይ ሌላ አገባ። በሽታውንም ሰው በስሙ አይጠራውም፤ «ብርድ ነው» ይላል፣ «ምች ነው» ይላል፣ ሳንባ ነቀርሳ ብሎ አፉን የሚከፍት የለም።

እና ይቺን ምራቴን ይታይሽን ታዩአታላችሁ፣ እዚያ ተቀምጣ የምትስቅብኝን? ሳል ጀመራት። ክረምቱን ሙሉ ሳለች፣ ሌሊት ላብ በላብ ትሆናለች፣ ቀሚሷ እስኪሰፋት ድረስ ከሳች። ልጄ አስማረ ምን ይለኛል? «እማዬ፣ ብርድ ገብቷት ነው፣ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ልውሰዳት፣ ያወጣላታል።» ወሰዳት። ታዲያ ፍል ውሃ ለወገብ ይሆናል እንጂ ለሳንባ ምን ያደርጋል፣ ብሶባት፣ ደም ያለበት አክታ እየተፋች ተመለሰች።

የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አየቻትና «እማማ፣ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው ዝም አይባልም፣ ያስመርምሯት» አለችኝ። ደብረ ታቦር ይዣት ሄድኩ፣ አክታዋን ሰጠች፣ ቲቢ ነው ተባለ። ደነገጥኩ፣ አልዋሻችሁም። «ዋንጫዋን ልለይ?» ብላት ያቺ የቀበሌያችን የጤና ሠራተኛ ልጅ ሳቀች፣ «በዋንጫ አይደለም እማማ፣ ስትስል በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው፤ አፏን ትሸፍን፣ መስኮት ይክፈቱ፣ የቤቱም ሰው ይመርመር። መድኃኒቱን ስድስት ወር ሳታቋርጥ ከወሰደች ትድናለች።» እና ሁላችንም ተመረመርን፣ እኔ አሮጊቷም ሳልቀር፣ ነጻ ሆንን። መስኮት አልነበረንም፣ ግድግዳውን አስበስቼ አስወጣሁ። ጎረቤት «ብርድ ልታስገባ ነው» እያለ ሳቀ፣ ይሳቅ።

ታዲያ አንድ ቀን አባቷ አቶ ሞላ በቅሎ ጭነው መጡ።

«ልጄን ልወስድ ነው» አሉ።

«ምን አድርጋ?» አልኩ።

«ታማለቻ! ወጉ ነው። ሰደዷት ሳይባል ራሴ ልውሰዳት ብዬ ነው።»

«እርስዎ አገር ጤና ጣቢያ አለ?»

«ጠበል አለ።»

«ጠበሉንም ትጠመቃለች፣ መድኃኒቱንም ትውጣለች፣ እዚሁ ሆና። የታመመችው በእኔ ቤት ነው፣ የምትድነውም በእኔ ቤት ነው። በሉ ኮርቻውን ያውርዱና እህል ይቅመሱ።»

ሽማግሌው በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ልጃቸውን መውሰድ ፈልገው አልነበረም እኮ፣ ለስማቸው ፈርተው ነው።

ሁለት ወር አለፈና ሳሉ ጠፋ፣ ጉንጯ ሞላ፣ ሰዉ ሁሉ «ዳነች» አለ። ክፉው እዚህ ላይ ነው፣ ስሙኝ። ሁዳዴ ገባ፤ ይቺ ጾመኛ «እትዬ፣ ድኛለሁ እኮ፣ ጾሙን በክኒን አልገድፍም፣ ከፋሲካ በኋላ እቀጥላለሁ» አትለኝም? የጤናዋ ልጅ ደግሞ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በሽታው ይለምደዋል፣ ኋላ አይበገርም ብላኛለች። አልተከራከርኳትም፤ እጇን ይዤ ከነፍስ አባታችን ፊት አቆምኳት። አባ እንዴት አሏት መሰላችሁ፣ ቀስ ብለው፣ ጺማቸውን እየዳበሱ፣ «ልጄ፣ ጾም ሥጋን ለማድከም ነው፤ ያንቺን በሽታው አድክሞልሻል። ክኒኑን ዋጪ፣ ውሃውንም ጠጪበት፣ ፈቅጄልሻለሁ።» ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ከፊቷ እቆማለሁ፣ «አፍሽን ክፈቺ፣ ምላስሽን አንሺ» እያልኩ። አንዳንዴ ትቆጣለች፣ ትቆጣ፣ ብቻ ትዋጥ።

ጨረሰች፣ ዳነች። ሐኪሙ «ማን ነው የተከታተላት?» ብሎ ጠየቀ፤ እኔ ነኛ! እኮራለሁ፣ ምን አፍራለሁ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ዛሬ በእኛ መንደር የሳለች ምራት ወደ አባቷ አትሰደድም፣ ጤና ጣቢያ ነው የምትሄድ፤ አማቶቹም መጀመሪያ እኔን ሊያማክሩ ይመጣሉ። እና ያዳናት መድኃኒቱ ነው እላቸዋለሁ፣ እውነቱን።

(ይሄን ጊዜ ምራቲቱ ይታይሽ ሳቋን አቁማ ተናገረች፦) «መድኃኒቱንማ ለሁሉም ይሰጣሉ፣ እትዬ። እንደ እርስዎ ያለ አማት ግን በየትኛው ጤና ጣቢያ ይገኛል?»