ቋ ቋ ይበል

ከነቀምት ወደ ጊምቢ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ወጣት ሴቶች ተቀምጠዋል። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከአንደኛዋ ቦርሳ ቋ ቋ የሚል የኪኒን ድምፅ ይሰማል።

«ለሊሴ፣ ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ ክተቺበት እንጂ! ሰው እኮ ይሰማል።»

«ይስማ።»

«በሽተኛ ናት ይሉሻላ!»

«መከላከያ ነው። ኤች አይ ቪ እንዳይዘኝ በየቀኑ የምውጠው።»

«ማሊ? ምን አልሽ? እንዲህ ያለ ኪኒንም አለ?»

«አለ። እጮኛዬ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እያለ ነው የተወለደው፤ ሳይደብቅ ነገረኝ። ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። እሱ የራሱን ይውጣል፣ እኔ የራሴን። ከፋሲካ በኋላ እንጋባለን።»

«እናትሽ ብትሰማስ?»

«ሃርሜማ ሰምታለች። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ አሁን ‹ኪኒንሽን ዋጥሽ ወይ?› ብላ የምትጠይቀኝ እሷ ናት።»

«ቢሆንም ትንሽ ጥጥ ብታደርጊበት ምን አለበት?»

«አዳዳዬን ታስታውሻታለሽ? የአባቴን እህት?»

«ነፍሷን ይማር።»

«እሷ ጥጥ ታደርግ ነበር። በኋላ ጥጡም አላስተማምናት አለና እንግዳ ቤት በመጣ ቁጥር መድኃኒቷን ሳትውጥ ትውል ጀመር። ቫይረሱ ብቻ የገደላት መሰለሽ? ሰው እንዳይሰማ ስትል ነው የሞተችው።»

ጓደኛዋ ወደ ቦርሳው ተመለከተች።

«እኔ ግን አልደብቅም፤ ቋ ቋ ይበል!»

እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ከራሴ ብልቃጥ ጥጡን አወጣሁና የሚቀጥለውን ጉድጓድ ጠበቅኩ።