ያኔ ረዘመ፣ ዛሬ አጠረ

የዲላው ቡና ነጋዴ አቶ ባህሩዲን ኮንጋ ባለው ማጠቢያ ጣቢያቸው ቆመው፣ «ፀሐይዋ ከርራለች፤ ሸፍኑት፣ ቡናው ይሰነጠቅብናል» እያሉ ሠራተኞቹን ሲያዝዙ፣ ለክትባት ዘመቻ ወደ ቀበሌው የመጣው የእህታቸው ልጅ ዘከርያ ድንገት አገኛቸው። ዘከርያ የጤና መኮንን ነው።

«አጎቴ፣ አዲስ አበባ ሐኪሙ ዘንድ ሄደው ነበር አሉ። ምን አለዎት?»

አቶ ባህሩዲን ዙሪያቸውን ቃኙ። የፕሮስቴት ካንሰር በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ግን ዓመት ሳይሞላ ምልክቱ ደማቸው ውስጥ ተመልሶ ታየ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሱራያና ከዚህ ልጅ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም። የወንድ ገመና አደባባይ አይወጣም ባይ ናቸው። ስንቱን ሰው የጨረሰው ይኸው ይሉኝታ ነው።

«የጨረር ሕክምናው አምስት ሳምንት ነው አለኝ። ያኔ፣ በሽታው የተመለሰብኝ ጊዜ፣ ከሰባት ሳምንት በላይ አላለኝም ነበር? ለባላገር ሲሆን አጉድለው ይሰፍራሉ ማለት ነው። በጥድፊያ የደረቀ ቡና ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ልጄ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አጉድለው አይደለም። የየቀኑ መጠን ከፍ ይላል፣ ቀኑ ያንሳል። ረጅሙንና አጭሩን የወሰዱትን ሐኪሞች አነጻጽረዋል፤ ጨረሩ የሚያስከትለው የሽንቱም የአንጀቱም ሕመም እስካሁን ብዙ ሲለይ አላዩም።»

«እንዲያም ቢሆን ለቀማው ይለፍና…»

ሰው ሰበብ ካጣ ይፈጥራል። ዘከርያ አንገቱን ደፋ።

«ያኔም ለቀማው ይለፍ ነው ያሉት። ሰባት ሳምንት ሙሉ ቡናዬን ማን ይጠብቃል ብለው ተዉት፤ ይኸው ሁለት ለቀማ አለፈ። ያኔ ረዘመ፣ ዛሬ አጠረ። መቼ ነው ልክ የሚሆነው፣ አጎቴ?»

አቶ ባህሩዲን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሐኪሙ ሌላም ብሎኛል» አሉ። «ያኔ ቢመጡ ኖሮ ተስፋው ሰፊ ነበር፤ ዛሬም አለ፣ ግን ጠቧል አለኝ። ለሱራያ አልነገርኳትም።»

የዘከርያ ዓይን እንባ አቀረረ። ቢሆንም ምክሩን አላቋረጠም።

«እንግዲያው የቀረውን አናባክነው። ቅዳሜና እሑድ ሳይቆጠር ሃያ አምስት ቀን ታክመው ይመለሳሉ። ከቤትዎ የሚርቁበት ጊዜ ያጥራል፤ ለሌላውም በሽተኛ ወረፋው ቶሎ ይደርሳል። ይርጉ አሥር ዓመት አብሮዎት ሠርቷል፤ ቡናውን እሱ ይይዝልዎታል። ለአክስቴ ሱራያም ዛሬውኑ ይንገሯት።»

«እነግራታለሁ። ኢንሻአላህ ቅዳሜ ከእሷ ጋር አዲስ አበባ እንሄዳለን።»

ይህን ጊዜ ቡና ለቃሚዋ ብዙነሽ ቀረብ ብላ፣ «ጋሼ፣ ፀሐይዋን ደመና ጋረዳት። ቡናውን እንግለጠው?» አለቻቸው።

«ይርጉን ጠይቂው» አሏት።

ይህችን አንዲት ቃል ከሁለት ዓመት በፊት ተናግረዋት ቢሆን ኖሮ።