ጊታሩ ነው የታፈነው

አካም ጅርቱ ኦቦ ዘርሁን! ቤተሰብ ነጋያ ነው? እሰይ፣ እሰይ… እኔማ ደህና ነኝ። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ዊንጌት፣ ከዊንጌት ቡራዩ ስገለባበጥ አንጀቴ ቦታ ለወጠ እንጂ ደህና ነኝ። የእናንተ ሰፈር ጭቃ ደግሞ ጫማ ሲወድ! አንዱን ሊያስቀርብኝ ነበር። ኧረ አይነሱ፣ እዚችው ዱካ ላይ ይበቃኛል። ብየዳዎን ይቀጥሉ፣ መበየጃው እንዳይቀዘቅዝ። እኔ ዝም ብዬ ወሬ አወራለሁ፤ ሥራ አላስፈታም።

ያ ፊትዎ ሆዱን ከፍተው ያስተኙት ጊታር የማን ነው? … እንዲያው ነው የጠየቅኩት። በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ስልኩን የሚጎረጉረውን ወንድማችንን ሳየው አንድ ጊታር ትዝ አለኝ። ባለቤቱም ትዝ አለኝ። ወንድማችንን ማለቴ አይደለም፣ ያ ሌላ ሰው ነው። እሱም ግን ቢሰማ አይከፋም፤ ሰው ከሰው ታሪክ ይማራል።

እና አንዲት ዘፋኝ አለች ኦቦ ዘርሁን። የሠርግ ዘፋኝ። ስሟ ምን ያደርጋል? እኔም መስታወት ፊት ስቆም ካልሆነ ብዙ አንገናኝም። ድምፅ ነበራት ይላሉ… «ነበራት» ማለቴን ሰምታ እንዳትቀየመኝ። ከሆለታ እስከ ጫንጮ እሷ ያልዘፈነችላት ሙሽራ ካለች፣ በማዘጋጃ ቤት ፊርማ ብቻ የተዳረች መሆን አለባት።

ይህች ሴት አንድ ቀን ልምምድ ላይ ዘፈኗን አቋረጠችና «ጊታሩ ታፍኗል» አለች። ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ይመስላል አለች። እውነቷን ነዋ! ጊታሩ ጨልሟል። ድሮ ጥርት ብሎ ይወጣ የነበረው ድምፅ አሁን ያጉረመርማል። ጆሮ አላትኮ! የሌላውን ጥፋት ለመስማት እንደሷ ያለ ጆሮ የት ይገኛል? ኪቦርድ የሚመታው ወንዲ ቀና ብሎ ጊታሪስቱን አየው። ጊታሪስቱ መሬቱን አየ። መሬቱ ማንን እንዳየ እግዜር ይወቅ። በመጨረሻ ጊታሪስቱ «ፒክአፗ ናት» አለ።

ለእርስዎ መቼም ይሄ አይነገርም። ያቺ ሴትዮ ግን መኪና ሊገዛ መስሏት «ለባንዱ ዕቃ መጫኛ ነው? ተባረክ!» ብላ መርቃዋለች። አይፍረዱባት። ለካስ ከክሮቹ ሥር የምትቀመጥ፣ የክሩን ንዝረት እየቀዳች ወደ ስፒከሩ የምትልክ፣ ሽቦ የተጠቀለለባት ማግኔት ናት። ክሮቹ በሚታሰሩበት ጫፍ፣ ብሪጅ በሚሉት አጠገብ ያለችዋ ደግሞ ድምፁን የምታጠራው እሷ ናት፤ እሷ ከደከመች ጨለማ ነው። ይሄን ሁሉ የተማርኩት ከእርስዎ ነው… ማለቴ፣ ያቺ ሴትዮ የተማረችው።

ከዚያማ ምርጫ ተጀመረ። ሚስት ሲመርጥ እንዲህ የተጨነቀ የለም። መጀመሪያ ሽቦዋ ሁለት ጊዜ የተጠቀለለው፣ ባለ ሁለት ጥቅሏ ፒክአፕ መጣች፣ «ጉልበት አላት» ተብሎ። ግን ቀዳዳው አልበቃትም፤ ጊታሩ መጠረብ ነበረበት። ኦቦ ዘርሁን፣ ያ ሰው ያንን ጊታር ማንንም አያስነካም! ዝናብ ሲመጣ የራሱን ጃኬት አውልቆ ለሱ የሚያለብስ ሰው ነው። ይኸው ሰውዬ ታዲያ ጊታሩን መሮ ለያዘ አናጢ አስረክቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አንዲት ቃል ከምተነፍስ እንጨቱ ይቆረስ አለ በልቡ። እንዲህ ያለ ጨዋ በዚህ ዘመን ይገኛል?

ተገጠመች። ድምፁ ጨመረ እንጂ አልጠራም፤ ቀስ ብሎ ሲያጉረመርም የነበረው ጮክ ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። «አሁንም ታፍኗል» አለች ሴትዮዋ። ያቺ ወጣች፣ ባለ አንድ ጥቅሏ ገባች። እሷ ደግሞ የአዳራሹ መብራት በበራ ቁጥር እንደ ንብ ቀፎ ትጮኻለች። «አሁንም ታፍኗል» አለች ሴትዮዋ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? ይቺኛዋስ የሰውን ድስት ሰበረችው እንጂ ማማሰሉም አልሆነላት።

የሚገርመው ጊታሩ በጨለመ ቁጥር የሷ ድምፅ እየበራ መሄዱ። ድሮ የአንገቷ ሥር ተገታትሮ የምትይዘውን ከፍታ አሁን እንደ ቀልድ ታወጣዋለች። በዚህ ዕድሜ! ሌላው ዘፋኝ ሲያረጅ ይወርዳል፣ እሷ ወጣች። ምስጢሩ ምንድን ነው ሲሏት «ተልባ በማር» ትላለች። ከልቧ አምናለችኮ! ለወጣቷ ዘፋኝ፣ ለቢታንያ ሳይቀር «ልጄ፣ እኔ ዕድሜ ላይ ስትደርሺ እንዲህ እንድትሆኚ» ብላ በጠርሙስ ሞልታ አስይዛታለች። ልጅቷ እስከ ዛሬ ትጠጣለች አሉ። ሆዷ ለስልሷል፤ ድምፁን እንጃ።

…ወንድሜ፣ ስልክህን የገለበጥከው መሰለኝ። ግዴለም፣ እንደዚያም ይነበባል።

ነገሩ የወጣው በጎረቤቷ በእትዬ ብርቅዬ ልጅ ሠርግ ነው፤ እዚያው ሰበታ። ሴትዮዋ የሄደችው ለመብላት ነበር። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ሞኝና ዘፋኝማ ያልያዘውንም ይቀማል። «አንዲት ዘፈን ብቻ» ብላ ማይኩን ተቀበለች። ባንዱ ሌላ፣ ጊታሩ ሌላ። «ከየት ከፍታ እንጀምርልዎት?» አሏት። «ከድሮዬ!» አለች ዳሌዋን ይዛ። መቱላት። ወጣች፣ ወጣች፣ ወጣች… ከዚያ ወዲያ ደረጃው አልነበረም። ድምፅዋ እንደ አሮጌ ነጠላ ከመሃሉ ተቀደደ። የሰበታ ሴቶች ብልሆች ናቸው፣ እልልታውን አቀለጡት። እልልታ ስንቱን ይሸፍናል መሰለዎት!

እና አፍራ የወረደች መሰለዎት? ዞር ብላ ጊታር መቺውን «ጊታርህ በጣም በርቷል፣ ጆሮ ይበሳል» አለችው እንጂ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ያ ሰው ታዲያ አያውቃትም፤ ስለማያውቃትም አላዘነላትም። ስልኩን አወጣና መስታወቱ ላይ አንዲት መርፌ አሳያት፤ የክሩ ውጥረት ልክ ሲሆን መሃል ላይ የምትቆም። መርፌዋ መሃል ላይ ቀጥ ብላለች። «እትዬ፣ እኛ ልኩ ላይ ነን» አላት በትሕትና።

በሚቀጥለው ልምምድ ያችኑ መርፌ በራሷ ስልክ ጭና፣ መልእክት የምታነብ መስላ፣ ወደዚያ ወደጨለመው ጊታር አስጠጋቻት። መርፌዋ ወደ ግራ ወድቃለች። ወድቃለች ብቻ? ተኝታለች በሏት። ለካ ክሩ ነው የላላው! ያ ጨዋ ሰው የክሩን ማጥበቂያ በየጊዜው ቀስ እያደረገ ሲያላላ፣ ወንዲም ኪቦርዱን እኩል እያወረደ ሲከተለው፣ ዘፈኑን ከነጓዙ ወደሷ አውርደውላታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ዘፋኟም ቀስ በቀስ ምድር ቤት ወርዳ ሰማይ የደረሰች መሰላት። የላላ ክር ደግሞ ይጠራል እንዴ? የወርቅ ፒክአፕ ቢገጠምለትስ?

ያን ዕለት አላለቀሰችም። ዋሸሁ፣ አልቅሳለች። ድምፅዋ ስለወረደ አይደለም፤ ድምፅ ይወርዳል፣ እሱ የፈጣሪ ሥራ ነው። ያስለቀሳት፣ ባንዱ በሙሉ እያወቀ እሷ ብቻዋን ተልባዋን ስትጠጣ መክረሟ ነው። ስንት ሠርግ ላይ ያንን ሁሉ ጭብጨባ የኔ ነው ብላ ሰብስባ ወደ ቤቷ ይዛ ገብታለች መሰለዎት? አሁን የትኛው የሷ፣ የትኛው የላላው ክር እንደሆነ በምን ትለየው?

በክፋት እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው ይላሉ፤ ይሄኛውን ግን ለጉሮሮዬ ይጠቅመኛል ብላ ላሰችው፣ ምን ታድርግ? … እርስዎስ ኦቦ ዘርሁን? ፒክአፕ በለወጡ ቁጥር ክሩን የሚያወልቁትም መልሰው የሚያስሩትም እርስዎ ነበሩ። ጣትዎ ምንም አልነገረዎትም? «እንደነበረ መልስልኝ፣ አደራ» ተብለው ይሆናላ። ይሁን። ይሉኝታም እንደ ሰፈራችሁ ጭቃ ነው፤ አንዴ ከያዘ ጫማ አይመልስም።

ለምን ዛሬ አነሳሁት? ቅዳሜ ሱሉልታ ሠርግ ስላለ ነው። የምትዳረው የዚያ የጊታሪስቱ ልጅ ናት። ሴትዮዋ ልጅቷ ክርስትና የተነሳች ቀን አቅፋት «ሠርግሽን እኔ ነኝ የምዘፍነው» ብላ ቃል ገብታለች። አባትየው ታዲያ በገዛ ልጁ ሠርግ ላይ ሳይቀር ክሩን አላልቶ፣ ያንን የሚወደውን ጊታር አሳፍሮ፣ በታፈነ ድምፅ ሊመታላት ተሰናድቷል። ስለሷ ብሎ። ይሄን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል… አንጀቷን ይበላታል ለማለት ነው። ተናዳበትም አልቀረች፣ ወዳውም አልቀረች።

እና ከነዚህ ከደረደሯቸው ፒክአፖች የትኛዋ ትሻላለች ካሉኝ፣ ይቺን ጥርት ያለችዋን ይግጠሙ፤ የምትደብቀው ነገር የሌላትን። ክሩንም መርፌዋ መሃል እስክትቆም ድረስ ያጥብቁት። ሴትዮዋ ቅዳሜ ከድሮዋ ከፍታ ትዘፍናለች። ደረጃው እስካለ ትወጣለች፤ ደረጃው ሲያልቅ ማይኩን ለቢታንያ ታቀብላታለች፣ ያ ሁሉ ተልባ አንድ ቀን ይጥቀም እንጂ። ድምፅዋ ቢሰነጠቅስ? ለልጅቷ ቃል የገባችው የራሷን ድምፅ ነው። ያንን ታስረክባለች።

ገለቶማ ኦቦ ዘርሁን፣ እጅዎ ይባረክ። ታክሲ ሳይጠፋ ልሂድ። ያንን ጨዋ ሰው ግን ሳልመርቀው ብወጣ ነውር ነው። ልጁን በደስታ ይዳር። ዕድሜ ይስጠው፤ ፀጉሩ ሸብቶ ጣቶቹ እስኪዝሉ ድረስ ይምታ። ያን ጊዜም ፈጣሪ ልክ እንደሱ ያለ ወዳጅ ከጎኑ አያሳጣው፤ ጣቱ በሳተ ቁጥር «ግሩም ነው» የሚለው፣ እያጨበጨበ አብሮት የሚያረጅ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ አንዲት ቃል የማይነግረው።

…አሜን በሉ እንጂ፣ ሁለታችሁም።