በከንፈር የተያዘ ማግኔት

ልብስ ሰፊዋ አያት ለልጅ ልጃቸው የማይሰጉት ነገር የለም። ውሃ ሁለት ጊዜ ያፈላሉ፤ መቀስ ቁም ሣጥን አናት ላይ ያኖራሉ። አንድ ቀን ከሞተር ጠጋኟ ጎረቤታቸው ጋር ደረጃው ላይ ተገጣጠሙ። ሱሪዋ ረዝሞ መሬት ሲጠርግ አይተው፣ "ነይ ላሳጥርልሽ" ብለው አስገቧት።

የሱሪውን ጫፍ አጥፈው በእስፒል ፈንታ ምስር በሚያካክሉ ማግኔቶች ያዙት። የተረፉትን ሁለቱን እንደ ልማዳቸው በከንፈራቸው ያዙ።

"እማማ፣ እባክዎ ይትፏቸው።"

ተፍተው ሳቁ። "አርባ ዓመት እስፒል በከንፈሬ ስይዝ አንድም አልዋጥኩም። ይሄ ደግሞ አይወጋም።"

"ባይወጋም ከእስፒል ይብሳል። ትንሽነቱን አይዩ፣ ጉልበቱ ሌላ ነው።" ወጣቷ አንድ ጨርቅ አጣጥፋ ማግኔቶቹን ከላይና ከታች አደረገች። ቀጭ ብለው ጨርቁን መሃላቸው ቆነጠጡት። "ይሄ አንጀት ነው ይበሉ። ሁለት ከተዋጡ እንዲህ ይይዙታል፤ ደም ያጣል፣ ይበሳል።"

"በሰገራ አይወጣም?"

"ተጣብቀው ከያዙት አይወጡም። ልጅ ዋጠች ብለው ከጠረጠሩ፣ አንድም ይሁን ሁለት፣ ሳያስመልሷት፣ ሳይጠብቁ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።"

"ሰው ማስፈራራት ትወጃለሽ። የእኔ ልጅ አትነካቸውም።"

ይህን እያሉ ጠረጴዛው ሥር ቢያዩ፣ የሁለት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ቁራጭ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ልክ እንደ አያቷ ከንፈሯን ግጥም አድርጋለች። አሮጊቷ እንዴት እንደተንበረከኩ አያውቁም። ጣታቸውን አፏ ውስጥ ሰደው ያወጡት የሸሚዝ ቁልፍ ነበር። ማግኔቶቹን ሦስት ጊዜ ቆጠሩ፤ አሥራ ሁለቱም አሉ።

"በይ ንገሪኝ ልጄ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ክዳኑ በሚጠብቅ ጣሳ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ። ሲያላቅቁ እያንሸራተቱ እንጂ እየጎተቱ አይሁን። ተላትመው ከተሰበሩ ስባሪው ዓይን ይመታል። ወደ ካውያም አያስጠጓቸው፤ ሙቀት ኃይላቸውን ይገድላል። የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ የተገጠመለት ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ያርቋቸው።"

እኛ አዋቂዎች የምንፈራው የሚቆርጠውንና የሚያቃጥለውን ብቻ ነው፤ ልጅ ግን የአፋችንን ልማድ ቀድማ ትማራለች። አሁን የሴትዮዋ እስፒል ትንሿ የእስፒል መሰኪያ ትራስ ላይ ነው የሚሰካው፣ ማግኔቱም ጣሳው ውስጥ ነው። ሥራቸው አልዘገየም፤ አንድም አይጠፋባቸውም። ከንፈሯ ላይ እስፒል ይዛ የመጣች የሥራ ባልደረባም እስክትተፋው ድረስ ወንበር አያቀርቡላትም።