ሻምበል ሰኞ ሰኞ ለምን ይታመማል

— ሄሎ… ሄሎ፣ ማን ልበል?… ውይ፣ ዶክተር ቂርቆስ። እንዴት አደርህ ልጄ? ክሊኒኩ ደኅና ነው? ቡሬ ሰላም ናት?… ይመስገን፣ እኛም ደኅና ነን። አዎ፣ እህተ ማርያም ነኝ፣ የመሪጌታ ወንዳወቅ ባለቤት። እሳቸውማ አሉ፣ ስልካቸውን ጥለውት ከውሻው ዘንድ ተቀምጠዋል… ሄሎ? ትሰማኛለህ? ቆይ፣ ወደ ደጅ ልውጣ፣ ቤት ውስጥ ይቆራርጣል።

— እህ፣ አሁን ተሰማኸኝ። የት ነኝ አልህ?… ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ። ወደ እኛ ወደ ገበዝ ማርያም የሚመጣው መኪና እስኪሞላ እየጠበቅህ። እና ያን… ያን መርፌ ይዘኸዋል?

— አሃ። ይዘኸዋል።

— አይ፣ አልተቀየምሁህም። አንተ ምን አደረግህ? የውሻችንን ወገብ ቀደህ፣ አክመህ፣ ሰፍተህ የሰጠኸን ሰው ነህ። የለመኑህ እሳቸው ናቸው። አርብ ማታ ሲደውሉልህ አጠገባቸው ነበርሁ። «ልጄ፣ ስቃዩን ማየት አልቻልሁም፤ እሁድ ናና በመርፌ አሳርፍልኝ» አሉህ፣ ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ራታቸውን እንኳ አልቀመሱም። እኔ ወገቤን ያመመኝ ጊዜ እኮ… ተወው፣ እየሰሙኝ ነው።

— ግን ዶክተር፣ አሁን የምነግርህን ስማኝ። ሻምበል ዛሬ ደኅና ነው… ውሻው ነዋ፣ ሌላ ሻምበል ከየት አመጣለሁ። ደኅና ስልህ ደኅና። ከቅዳሴ ስንመለስ ገና ከበሩ ድምፃችንን ሲሰማ ጭዱን በጅራቱ ይደበድበው ጀመር። ብናኙ ቡን ብሎ እኔን አስነጠሰኝ። ቁርሱን ላፍ አድርጎ በላ። ያች ወገቡን ረግጣ ለዚህ ያበቃችው በቅሎ በአጠገቡ ስታልፍ ደግሞ ጮኸባት። ያን ሁሉ መከራ አሳይታው ሲያበቃ፣ አሁንም እሱ ነው የሚቆጣት።

— አልተነሳም፣ አልዘለለም፣ አትስጋ። እንዳልኸው ጠባብ ቦታ ነው ያስገባነው። ጥጃዋን ከጋጧ አስወጥተን፣ የጤፍ ጭድ ጎዝጉዘን እሱን አስተኛነው። ጥጃዋ ይኸው እስካሁን አኩርፋ በሩ ላይ ቆማ ትጮኽበታለች… አዎ፣ እናገላብጠዋለን፣ በአንድ ጎኑ ብቻ አይተኛም። ሽንቱ ሲመጣ ደግሞ መሪጌታ አሮጌ ነጠላቸውን ከሆዱ ሥር አሳልፈው፣ የኋላውን ቀና አድርገው ይዘውት ይወጣሉ። ብታያቸው። እሱ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ጎንበስ ብለው። የቅኔ ተማሪው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የሚያልፋቸው ሰው፣ ሻምበል ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ። አንድ ቀን አጥሩ ሥር እግሩን ሊያነሳ ቢሞክር እሳቸውም አብረው… አይ፣ ይህን አልነግርህም። ክብር አላቸው፣ ተማሪ አላቸው።

— ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? እሱን ልነግርህ አይደል። ያለፈው እሁድም እንዲሁ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ቅዳሜም። ተፈወሰልን ብለን እልል ልንል ስንል፣ ሰኞ ሲነጋ መንቀጥቀጥ። ጆሮው ወደ ኋላ ተለጥፎ፣ ምላሱን አውጥቶ ማለክለክ፣ እንዲህ ቢተኛ አይመቸው፣ እንዲያ ቢተኛ አይመቸው። መሪጌታ ሊዳብሱት እጃቸውን ቢዘረጉ ጥርሱን አሳያቸው። ለእሳቸው እኮ ነው የምልህ፣ ከእጃቸው ለሚበላው ሰው። ማክሰኞም እንዲያው። ወደ አመሻሹ ሻል ይለዋል፣ ሰው ይሆናል፤ ሌሊቱ ሲጋመስ ማቃሰቱን ይጀምራል። እስከ አርብ እንዲህ ሲያደርገን ይሰነብትና ቅዳሜ ደግሞ ደኅና።

— እኔ ምን አውቄ። ጎረቤታችን ሸጋዬ፣ «ሰንበትን ያከብራል፣ የመሪጌታ ውሻ አይደል» እያለች ሰው ጠርታ ታሳያለች። ትናንት እንኳ አማቷን ይዛ መጥታ ነበር። መሪጌታ ግን አልተዋጠላቸውም። «እኔን ሊያጽናና ነው ደኅና የሚመስለው። እንዲህ ያለ ሌላ ሰኞ አላይም። ደስ ባለው ቀን ይሂድ» ብለው ጨከኑ። እሁድን የመረጡት ለዚህ ነው። አፋቸው ጨከነ እንጂ እሳቸውማ ከጋጡ አልተነሱም፤ ይኸው ነጩን ልብሳቸውን እንደለበሱ ጭዱ ላይ ቁጭ ብለዋል።

— ሄሎ?… አለህ?

— መድኃኒቱ? እንዴታ፣ አልተቋረጠም… ኧረ የሰው ኪኒን አልሰጠነውም። ሸጋዬ ለራሷ ወገብ የታዘዘላትን ልታካፍለው ይዛ መጥታ ነበር፣ ስለ ደግነቷ አመስግኜ መለስኋት… ሊገድለው ይችላል? በስመ አብ። እንኳንም መለስኋት።

— ያንተን ብቻ ነው የምንሰጠው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ። አንድም ቀን አጉድለን አናውቅም። ቅቤ ጠቅልዬበት ነው የማጎርሰው፣ ያለዚያ አጣርቶ ይተፋዋል። በጾም ቅቤ እየነኩ ጣትን አለመላስ ምን ያህል ፈተና እንደሆነ አንተ አታውቀውም።

— ጠዋት በስንት ሰዓት?… ከምግቡ በኋላ ነዋ። አንተው አይደለህም እንዴ፣ በባዶ ሆዱ ከወሰደ ጨጓራውን ይጎዳዋል ያልኸን?… ምግቡንማ እኛ ስንበላ ነው የሚበላ። ከሰው ገበታ ቀድሞ ለውሻ አይቆረስም፣ የቤታችን ሥርዓት ነው።

— እኛ መቼ እንበላለን? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ልጄ፣ ሁዳዴ አይደለም እንዴ። በዘጠኝ ሰዓት ነዋ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ… አዎ፣ ከሰዓት በኋላ። አንደኛውን ያኔ ይወስዳል፣ ሁለተኛውን ራት ላይ… ቅዳሜና እሁድማ እስከ ዘጠኝ አይጾምም፣ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ነው የምን…

— ዶክተር።

— ቆይ፣ ዶክተር፣ ልቀመጥ።

— ውሻውን አጹመነዋል ማለት ነው።

— እየሳቅሁ አይደለም… እየሳቅሁ ነው፣ ይቅር በለኝ፣ ሆዴን ያዘኝ። እኔ እኮ ሰንበት አከበረ ብዬ ለንስሐ አባታችን ልነግር ነበር። ሰንበት አክብሮ ሳይሆን በሰንበት ቁርስ ስለሚበላ ነው። ኪኒኑ ሌሊት ያልቅበታል፣ እሱ ጠዋት ሲንቀጠቀጥ እኛ ዳዊት እንደግምለታለን… አንተም ትስቃለህ? የመናኸሪያው ሰው እያየህ ነው? ይይህ።

— ጠዋት ብለህማ ጽፈሃል፣ አልዋሽም። ከምግብ በኋላ ብለህም ጽፈሃል። ሁለቱ አልገጥም ቢሉን መሪጌታ እንደ መጽሐፍ ቁጭ ብለው መረመሩትና፣ «ጠዋት ማለቱ የመጀመሪያውን ገበታ ነው» ብለው ፈቱት። የእሳቸውን ፍች እኔ በየት በኩል ልሽረው?

— መሪጌታ፣ ይስሙ እስኪ። ሻምበል ሰኞ ሰኞ የሚታመምበት ታወቀ። ሐኪሙ ነው ያለው። ቀዶ ጥገናው አልከሸፈም። እኛ ነን በጾም ያሰርነው… አዎ፣ ጾም። ኪኒኑን ጠዋት ስለማናደርስለት ነው የሚሰቃየው… «ውሻ ይጾማል ያለ ማን ነው» ይላሉ? አንቱ ነዎት ያሉት። በአፍዎ አላሉም፣ በገበታዎ አሉ።

— ጭዱን ከልብሳቸው ማራገፍ ጀመሩ፣ ዶክተር። መሪጌታ ሲረቱ ልብሳቸውን ነው የሚያራግፉት፣ እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን ስጠብቅ ነው የኖርሁት።

— ምን?… ሁለቱን ኪኒን አቀራርበን መስጠታችን እንዳይጎዳው ፈርተሃል። አላስታወከም። ሰገራው? እሱን እኔ አላይም፣ የእሳቸው ድርሻ ነው። መሪጌታ፣ የሻምበል ሰገራ ጠቆር ብሏል ወይስ እንደ ወትሮው ነው ይላል ሐኪሙ… «መልካም ነው፣ መልኩም አልተለወጠ» ይላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲያርሙ ኖረው መጨረሻቸው ይኸው ሆነ።

— አሁን? የኋላ እግሩን ጣት ልቆንጥጠው?… ምነው፣ ምን በደለ?… እሺ፣ ይሰማው እንደሆነ ለማወቅ ነው። ይህ ነው ዋናው? ካልተሰማው ነው ክፉ የሚሆነው… ገባኝ። እየሄድሁ ነው። ዞር በይ አንቺ ጥጃ። መሪጌታ፣ ራሱን እየዳበሱ ይያዙልኝ።

— እሺ፣ የቀኙን ቆነጠጥሁት… ሻምበል ሳበው። እግሩን ሳበው፣ በደንብ። ዞር ብሎም አየኝ፣ ተቀይሞኛል። አሁን የግራውን… የግራው…

— ጠብቀኝ፣ ዶክተር።

— ትንሽ ዘገየ እንጂ ሳበው። ሳበው ስልህ። መሪጌታም አይተዋል። በአፉም እጄን ያዝ አደረገ፣ አልነከሰኝም፣ ተይ ነው ያለኝ… ሁለቱም ይሰማዋል ማለት ነው? ይሄዳል ትላለህ?… እየተወላገደም ቢሆን። ይወላገድ እንጂ ልጄ፣ እኛስ ቀጥ ብለን የምንሄድ መሰለህ። አፍህ ይባረክ።

— እሺ፣ ተናገር፣ እየሰማሁ ነው። ነገ ማለዳ እንጀራ በወተት አርሼ፣ ኪኒኑን በቅቤ። ወተቱማ ሞልቷል፣ በጾም ማን ይጠጣዋል። ከዚያ ማታ። በመካከል ቢንቀጠቀጥ ላንተ መደወል እንጂ ኪኒን አለመጨመር… እሺ። ሕመሙ ሲለቀው የዳነ ይመስለዋልና ከጋጡ አለመልቀቅ። መዝለል የለም፣ በቅሎዋን ማባረር የለም፣ አንተ ሳታየው መፍታት የለም። ጥጃዋ ይህን ስትሰማ ልቧ ይሰበራል።

— ማለዳ ማን ይነሳል?… መሪጌታ፣ ነገ ከንጋቱ በፊት ተነስቶ ሻምበልን የሚያበላ ሰው ይፈለጋል… «ለኪዳን ስነሳ አበላዋለሁ» ይላሉ። እጅዎን በሳሙና ታጥበው ነው ታዲያ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት፣ የቅቤ ሽታ ይዘው ቢገቡ ካህናቱ ምን ይሉኛል። ሰማኸኝ ዶክተር? ራሳቸው እየጾሙ ውሻ ቁርስ ሊያበሉ ነው። ይህን ሳላይ ሞቼ ቢሆን ይቆጨኝ ነበር።

— እና መርፌውን?… ወደ ቡሬ መልሰህ በአንዱ ልጅ ትልከዋለህ። እግዚአብሔር ይስጥህ። አንተ ግን ና፣ እግሩን በዓይንህ እየው። ሽሮ አለ፣ የጾም ቤት ነው ብለህ አትፍራ… መኪናው ሞላ? ጥሩ፣ ግባ እንግዲህ። ቆይ፣ መሪጌታ ሊያመሰግኑህ ይገባል፣ ላቅርብልህ። መሪጌታ?… አሁን እዚህ አልነበሩም እንዴ። መሪጌታ?

— ከጓሮ ድምፅ ይሰማል። ጠብቀኝ፣ ዞሬ ልይ…

— ዶክተር… ከግራሩ ሥር ጉድጓድ አለ። እኔ አላውቀውም ነበር። የሻምበል ልክ ነው። የወጣው አፈር ደርቋል፣ አርብ ነው የቆፈሩት፣ ላንተ የደወሉ ዕለት። ብቻቸውን። እኔንም ሳይነግሩኝ።

— አይ፣ እየቆፈሩ አይደለም። እየደፈኑት ነው። በዚያ ነጭ ልብሳቸው፣ አፈሩን በአካፋ እየወረወሩ።

— መሪጌታ፣ እሁድ እኮ ነው ዛሬ። በሰንበት አፈር ይነካል?… ምን አሉ?… «ነገ ለሽንት ሳወጣው እንዳያየው» ይላሉ።

— ሰማህ? በል ልዝጋው ልጄ፣ በሰላም ግባ። ሌላ አካፋ ከቤት አለን፤ ጎረቤት ሳያያቸው ልድረስላቸው።