ያልታቀፉት የልጅ ልጅ

ወይዘሮ የሺእመቤት የደም ግፊት መድኃኒቷን ልትወስድ ባሕር ማዶ በምትኖርባት በስኔልቪል ከተማ ወዳለው ፋርማሲ ስትገባ ጋሽ ፍስሐን ክትባት ከሚሰጥበት ክፍል ደጃፍ ተቀምጠው አገኘቻቸው። አምና በብርዱ ወራት ባሏ ሙሉአለም ሲሞት፣ ከቀብሩ እስከ አርባው ከቤቷ ያልጠፉ ሰው ናቸው።

«አመመዎት እንዴ፣ ጋሼ?»

«ደህና ነኝ። ያመመኝ የልጄ ነገር ነው። ኑሃሚን ወንድ ልጅ ወለደች። ልታቀፈው ብል፣ ‹አባዬ፣ መጀመሪያ የፍሉና የትክትክ ክትባት ውሰድ› አለችኝ። እኔን! ገንፎዬን በልቼ፣ ልጁን በሩቅ አይቼ ተመለስኩ።»

«ታዲያ እዚህ ድረስ መጥተው ምን አስቀመጠዎት?»

«የነቢያት ጾም ነዋ! ሳይፈታ መርፌ ይሆናል?»

«መርፌ ጾም አያስገድፍም። የንስሐ አባትዎን ይጠይቋቸው፤ እሳቸውም ተወግተዋል።»

ጋሽ ፍስሐ ግን በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም።

«ይሁን። ግን ጉንፋን ምን ያደርጋል ተብሎ ነው? ዝንጅብል በማር ነው መድኃኒቱ። ሙሉአለምን ነፍሱን ይማረውና፣ በዚያ ሁሉ ብርድ ታክሲ ሲነዳ መቼ መርፌ ተወጋ? ልቡ ባይከዳው ኖሮ . . .»

ይህን ያሉት በክፋት አልነበረም። ልቡ ነው ብላ የነገረቻቸው ራሷ ናት። ሐዘንተኛን ሰው ይጠይቃል፤ ያ መልስ ጥያቄውን ያሳጥርላት ነበር።

አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ልቡ አልነበረም። ጉንፋን ያልነው ፍሉ፣ ኃይለኛው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ዝንጅብሉን እኔው አፈላሁለት፤ ጠጥቶ ሥራ ወጣ። ሳንባው ላይ ወረደበት። ሆስፒታል ስንደርስ ስሜን መጥራት አቅቶት ነበር።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ቢወጋ ይተርፍ ነበር?»

«እሱን እግዚአብሔር ያውቃል። የተወጋም ይታመማል፤ እንደዚያ የሚጠናበት ግን ጥቂቱ ነው። ክንድ ያምም ይሆናል፣ ትንሽ ያተኩስ ይሆናል፤ ፍሉ ግን አያሲዝም። እኔም ዘንድሮ መስከረም ላይ ተወግቻለሁ። ጋሼ፣ ሕፃኑ ስድስት ወር ሳይሞላው የፍሉ ክትባት አይሰጠውም። ከበሽታው የሚጠብቀው የእርስዎ መወጋት ነው። እኛ ደግሞ አራስ ቤት ገብተን ሳንስም አንወጣም።»

ጋሽ ፍስሐ ወደ ክትባቱ ክፍል በር ተመለከቱ።

«ቀጠሮ እኮ አልያዝኩም» አሉ።

«እዚህ አያስፈልግም። የሜዲኬር የጤና መድን ካርድዎን ብቻ ያሳዩ።»

ሁለቱንም ክትባት ሊወጉ ሲገቡ አብራ ገብታ የሹራባቸውን እጅጌ ሰብስባ ያዘችላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አለቀ? ትንኝ ይብሳል!»

መርፌዎቹ እስኪሠሩ ሁለት ሳምንት ያህል እንደሚፈጅ ፋርማሲስቷ ስትነግራቸው፣ «ለክርስትናው ይደርሳል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔን የመሰለ ሽማግሌ ቤተ ክርስቲያን ሞልቷል። የሙሉአለምን ነገር ልንገራቸው ወይስ እንደያዝሽው ይቆይ?» አሏት።

የሺእመቤት የመድኃኒቷን ከረጢት አጥብቃ ያዘች።

«ይንገሯቸው። ስሙንም ይጥሩት።»

በክርስትናው ዕለት ጋሽ ፍስሐ ሕፃኑን ታቅፈው፣ ሊስም የሚጠጋውን ሁሉ «ተወግተሃል?» ይሉ ነበር። ያልተወጋ በሩቅ መርቆ ወደ ምግቡ ይሄዳል። ብዙዎቹ ግን የሙሉአለምን ነገር ሰምተው፣ ተወግተው መጥተዋል። የሺእመቤት ስትቀርብ ምንም አልጠየቋትም፤ ልጁን አስታቀፏት።